አሠሪውም እኔ፣ ተቀጣሪውም እኔ

ዛሬ ጠባሴ ሻይ እየጠጣን ነበር። ብርዱ ያው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። አብረውኝ የነበሩት ጎረቤቴ የፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። «ጋሼ፣ ያኔ በየወሩ እንዴት ማጠራቀም ቻሉ?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ማን አጠራቀመ? ገና እጄ ሳይገባ ነበር የሚቆርጡት!»

ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ለጡረታ ከደሞዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍልለታል። እኔ በየሥራው የምከፈል አማካሪ ነኝ። ቆራጭም ጨማሪም የለኝም። አንዱ ወር ሞቅ ይላል፣ ሌላው «በሚቀጥለው ሳምንት እንከፍላለን» ሲባል ያልቃል።

ስለዚህ ሁለቱንም ልሆን ነው። 50,000 ብር ሲገባ 3,500 እንደ ተቀጣሪ፣ 5,500 እንደ አሠሪ። 9,000ው ኤቲኤም ካርድ ወደሌለው ሒሳብ ይሄዳል። በመቶኛ ያደረግኩት ገቢዬ ቋሚ ስላልሆነ ነው፤ ባዶ ወር ላይ ምንም አይቆረጥም። (የዋጋ ንረቱ እንደሚበላው አውቃለሁ። ባይቀመጥስ ማን ሊበላው ነው?) ዕቁብ ግባ የምትሉኝ፣ አለሁበት። ግን የዕቁብ ብር ሲደርስ ቆርቆሮ ይሆናል እንጂ እስከ 60 ዓመቴ አይጠብቀኝም።

ባለቤቴ ዕቅዱን ሰምታ «መጀመሪያ አሠሪህ ደሞዝ ይጨምርልህ» አለችኝ።