አራት ጣት

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጎረቤታችን እማማ ቤት ሩቢኔት ልገጥም ገባሁ። ጠላ ሲያጠልሉ ወገባቸው አልቻለም። ከጋኑ ወደ ፕላስቲክ በርሜል ገልብጦ፣ አተላው ሲዘቅጥ በሩቢኔት መቅዳት ይቀላል።

በርሜሉን ከስሩ ልበሳው ስል እጄን ያዙኝ። አራት ጣታቸውን ከግርጌው አስደግፈው፣ "ከዚህ በላይ ብሳው ልጄ። አተላም መተኛ ይፈልጋል" አሉኝ። ልክ ናቸው። ዝቅ ብዬ ብበሳው አተላው አብሮ ይወርድ ነበር።

ጋኑን ግን አልተዉትም። በወይራ የሚታጠነው እሱ ነው፤ ፕላስቲክ እሳትና ጢስ አይችልም። በድሬ ሙቀት ጠላ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። ስለዚህ በርሜሉን እርጥብ ጆንያ አለበሱት።

እናቴም እንዲሁ ጎንበስ ብላ ስታጠልል እያየሁ ነው ያደግኩት። ምነው ያኔ ባውቅ! ነገ ለእሷም ኬሚካል ያልነካው በርሜል ልፈልግላት ነው።