የሄልሲንኪን ከተማ ፖለቲካ በአንድ ሰው የሥራ ታሪክ በኩል እንዴት እንደተማርኩ

ፊንላንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ ሆናችሁም የምትመርጡበት ምርጫ አለ፤ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው ሁለት ዓመት ተመዝግቦ ከኖረ፣ ፓስፖርቱ የየትም አገር ይሁን፣ ድምጽ ይሰጣል። ሄልሲንኪ የማውቃቸው ብዙ ሀበሾች ግን አይመርጡም። ይህ በጣም ያሳስበኛል። የልጆቻችንን መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤት፣ የሰፈራችንን ትራም፣ የምንከራየውን ቤት ጉዳይ በአብዛኛው የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው።

ለመምረጥ ስዘጋጅ መጀመሪያ ያነበብኩት የፓርቲዎችን ፕሮግራም ነበር። ብዙም አልጠቀመኝም። ሁሉም ጥሩ ትምህርት ቤት፣ ሰላማዊ ሰፈር፣ ርካሽ ቤት ይላሉ። የሰው የሥራ ታሪክ ግን ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ገንዘብ አለው። ስለዚህ በመንግሥትም በከተማም የሠራ አንድ ሰው መርጬ እርምጃውን መከታተል ጀመርኩ። ሰውየው ያን ቫፓቩኦሪ ነው።

ቫፓቩኦሪ የሕግ ባለሙያ ነው። ፓርቲው ኮኮሙስ፣ ማለትም የመሀል ቀኙ ብሔራዊ ጥምረት ነው። ከ2007 እስከ 2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመኖሪያ ቤቶች ሚኒስትር ነበር። ከ2012 መጨረሻ እስከ 2015 የኢኮኖሚ ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነ፤ የቱርኩ መርከብ ማምረቻ በ2014 ለጀርመኑ ሜየር ሲሸጥ መንግሥትን ወክሎ የሮጠው እሱ ነው። ቀጥሎ ሉክሰምበርግ ሄዶ የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2017 ደግሞ ያን ወንበር ትቶ ለሄልሲንኪ ከንቲባነት ሊወዳደር ተመለሰ። በፖለቲካ አቋሙ ሁሉ አልስማማም። ለትምህርት ግን ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ብዙ ያስተማረኝ የቤቶች ሚኒስትር የነበረበት ዘመን ነው። በ2008 መንግሥት ፓአቮ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ዓላማው ለረጅም ጊዜ ቤት አልባ ሆነው የቆዩ ሰዎችን ቁጥር በ2011 በግማሽ መቀነስ ነበር። አሠራሩ የተለመደውን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ከዚያ በፊት ሰውየው መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ ጤናው ይስተካከል፣ ከዚያ ቤት ይሰጠዋል ይባል ነበር። በአዲሱ አሠራር መጀመሪያ ቤት ይገባል፤ የኪራይ ውል በስሙ ይፈርማል፤ ሕክምናውና ድጋፉ ከዚያ ይከተላል። ብዙ ሰው በጋራ የሚያድርባቸው መጠለያዎች እየተዘጉ ወደ መኖሪያ ክፍሎች ተለወጡ። ሄልሲንኪ አልፒካቱ መንገድ ላይ ያለው የሳልቬሽን አርሚ (ክርስቲያናዊ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ሕንፃ አንዱ ነው። ግቡ በጊዜው ሙሉ በሙሉ አልተመታም፤ ቁጥሩ ግን በግልጽ ወረደ።

ይህን ሳነብ ቆም ያደረገኝ ነገር አለ። ሚኒስቴሩ ብቻውን አንድ ቤት እንኳ መሥራት አይችልም ነበር። መሬቱም፣ የግንባታ ፕላኑም፣ ማኅበራዊ ሠራተኞቹም በከተሞቹ እጅ ናቸው። ስለዚህ መንግሥት ከ10 ትልልቅ ከተሞች ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ ለግንባታው የገንዘብ ድጎማ አቀረበ፤ የቀረውን ከተሞቹ ሠሩት። ሄልሲንኪ በክልሏ ውስጥ ያለውን አብዛኛውን መሬት ራሷ ይዛለች። ሄካ በሚባለው ድርጅቷ በኩል 50,000 ያህል ቤቶችን ታከራያለች። እኛ የቀበሌ ቤት እንደምንለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ አዳዲሶቹም እየተሠሩ ይጨመራሉ። ቫፓቩኦሪ በጠረጴዛው በዚያኛው ወገን፣ በመንግሥት በኩል ተቀምጦ ይህን አይቷል። ወደ ከተማው የመጣበትን ምክንያት ሳስብ ይህ ትልቅ ቦታ ሳይኖረው አይቀርም እላለሁ።

እስከ 2017 ሄልሲንኪን የሚመራው የከተማ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በዚያ ዓመት ሥርዓቱ ተለወጠና ከንቲባና አራት ምክትል ከንቲባዎች መጡ። ሕዝቡ ከንቲባውን በቀጥታ አይመርጥም። 85 የምክር ቤት አባላትን ይመርጣል፤ የከንቲባው ወንበር በልማድ ብዙ ድምጽ ላገኘው ፓርቲ ይሄዳል። በዚያ ምርጫ ኮኮሙስ 25፣ አረንጓዴዎቹ 21 መቀመጫ አገኙ። ለቫፓቩኦሪ ብቻ ከ29,000 በላይ ሰው ድምጽ ሰጠ፤ ከንቲባም ሆነ። የአረንጓዴዎቹ እጩ አኒ ሲነማኪ፣ እሷም የቀድሞ የሥራ ሚኒስትር፣ የከተማ አካባቢ ምክትል ከንቲባ ሆነች። ሁለት የቀድሞ ሚኒስትሮች፣ ተቀናቃኝ ፓርቲዎች፣ አንድ አመራር።

የተከታተልኩበት መንገድ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ረቡዕ ማታ በኢንተርኔት ይተላለፋል። ፊንላንድኛዬ ገና ደካማ እያለ ሁሉን ለመስማት አልታገልኩም። አንድ አጀንዳ እመርጣለሁ፣ ሰነዱን አስቀድሜ በስልኬ እያስተረጎምኩ አነባለሁ፣ ከዚያ ክርክሩን አያለሁ። ቃላቱ ስለሚደጋገሙ ቋንቋውም አብሮ መጣ። የምርጫ ሰሞን ደግሞ እጩዎች አደባባይ ላይ ድንኳን ተክለው ቡና ያድላሉ። ቡናው ቀጭን ነው፤ ሰዎቹ ግን ጥያቄ ይመልሳሉ። «ለቤት ምን ታደርጋለህ?» ብዬ አልጠይቅም። «ባለፈው ስለዚህ ሰፈር ፕላን ስትወስኑ ድምጽህን ለየትኛው ሐሳብ ሰጠህ?» እላለሁ። የሚያውቀውና የማያውቀው ወዲያው ይለያል።

ሌላም ጥንቃቄ ተማርኩ፤ ሁሉንም ነገር ለአንድ ሰው አለመስጠት። ቫፓቩኦሪ በ2020 ከተማዋን ያለ ድንጋይ ከሰል የማሞቅ መላ ለሚያመጣ የ1 ሚሊዮን ዩሮ ዓለም አቀፍ ውድድር አወጀ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የሃናሳሪ የከሰል ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ይዘጋ የሚለውን ግን ምክር ቤቱ የወሰነው በ2015 ነው፤ እሱ ከመምጣቱ በፊት። ጣቢያው የተዘጋው በ2023፣ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከንቲባ ይመጣል ይሄዳል፤ የምክር ቤት ውሳኔ ግን ዓመታት ይሻገራል። በኮሮና ጊዜ ደግሞ የመንግሥትን የቀውስ አመራር በአደባባይ ተቸ። ትችቱ ልክ ነው አይደለም የሚለው ያከራክራል። እኔ ያየሁት ግን ከተማ ከመንግሥት ጋር ተከራካሪ ሆኖ መቆም እንደሚችል ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ አልተወዳደረም። በኮሮና ምክንያት ወደ ሰኔ የተዛወረው የ2021 ምርጫ ሲመጣ እኔ የራሴን እጩ ለመምረጥ ዝግጁ ነበርኩ። ከሌላ ፓርቲ፣ ስሟ ብዙም ያልገነነ፣ የትምህርት ጉዳይ ላይ ለዓመታት የሠራች ሴት መረጥኩ። ድምጽ አሰጣጡ ደቂቃ አይፈጅም። መታወቂያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ አስቀድሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም መስጠት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ክብ ውስጥ የእጩውን ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ ማኅተም ይመታበታል፣ አለቀ። ድምጹ መጀመሪያ ለፓርቲው ይቆጠራል፤ ከፓርቲው ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚለየው ደግሞ የእያንዳንዱ እጩ ድምጽ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ወዳችሁ ፓርቲውን ከጠላችሁ ደግማችሁ አስቡ።

ከ2023 ጀምሮ በሌሎቹ አካባቢዎች ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት ከከተሞች ወጥቶ ለአዳዲስ የክልል አስተዳደሮች ተሰጥቷል። ሄልሲንኪ ብቻ ራሷ ይዛ ቀርታለች። ጤና ጣቢያችሁም በዚሁ ምክር ቤት ስር ነው ማለት ነው። ቀጣዩ ምርጫ በ2029 ነው። ዘንድሮ የመጣ ሰውም የመኖሪያ ከተማውን በጊዜ ካስመዘገበ ለዚያ ይደርሳል።