ክር የምታክል ደም

እግዚአብሔር ይመስገን። ምስክርነት ጽፌ አላውቅም፤ ወሬው ወዲያ ወዲህ ቢልብኝ ይቅር በሉኝ።

በግንቦት ሐረር ሄጄ ኢንዶስኮፒ ታየሁ። ያው ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራን የሚያይበት ምርመራ ነው። ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመስኩም። ጉሮሮዬ ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነፉብኝ፣ ፕላስቲክ አስነከሱኝ፣ በጎኔ አስተኙኝ። ቶሎ አለቀ። ሐኪሙ «ቁስል አለ፤ ናሙና ወስደናል፣ ለምርመራ ይላካል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። እናቴንም እንዲሁ በጨጓራ ነው የጀመራት። «ጊዜው አልፏል» የተባልነውም ናሙናዋ ተልኮ ሲመለስ ነው።

ነርሷ ለእህቴ ደጋግማ ነገረቻት። ድንዛዜው እስኪለቃት ውሃም እንዳትጠጣ፣ ትን ይላታል። ሲለቃት በውሃ ጀምሩ፣ ቀጥሎ ለስላሳና ለብ ያለ ነገር። በርበሬና ቡና ዛሬ ይቅርባት። ደም ካስመለሳት፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ካተኮሳት ወይ ሆዷን አጥብቆ ካመማት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት። የራሷን ስልክም ሰጠችን። ይህቺን ልጅ ፈጣሪ እጥፍ አድርጎ ይክፈልልኝ።

እኔስ? የደንገጎን ጥምዝምዝ ወርደን ድሬ ስንገባ ድንዛዜው ለቆኛል፣ ረሃቡ ግን አንጀቴን ይዞታል። ቤት የተቀመጠውን ቀይ ፍርፍር በላሁ። በትኩስ ሻይ! አቦ፣ ሆዳምነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ማታ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለን እንደ ሰፈሩ ሰው አልጋችንን ግቢ አወጣን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጉሮሮዬ ይለበልባል። ሳልኩና መሐረቤን በስልክ መብራት አየሁት። ደም። ክር የምታክል፣ በምራቅ የተጠቀለለች። መሐረቡን አጠፍኩት። መልሼ ዘረጋሁት። አለች።

ያኔ ያወጣሁትን ቃል ጸሎት ነው ብዬ አልዋሽም። እናቴ ከሞተች ወዲህ 4 ዓመት ሙሉ እግዚአብሔርን አኩርፌው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እሳለማለሁ፣ ልቤ ግን አያናግረውም። ለእሷ ብዬ ቁልቢ ድረስ በእግሬ ሄጄ የለ? ምን አገኘሁ? «አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው? ልጆቼን ለማን ልትተዋቸው ነው?» ብዬ ጮህኩበት። በዚያው አፌ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እናቴ ማታ ማታ የምትደግመው መዝሙረ ዳዊት ወጣ። «የሚጠብቅህም አይተኛም።» «እንግዲያው ካልተኛህ አሳየኛ!» አልኩት። ድፍረቴን ይቅር ይበለኝ።

እህቴ ነርሷ ጋ ደወለች። በዚያ ሌሊት አነሣች! «ክር ናት ወይስ እፍኝ?» ክር። «ትኩሳትስ? ሆዷ ሲነካ ድንጋይ ሆኗል?» አልሆነም። «ናሙና ሲወሰድ ትንሽ ይደማል፣ ቱቦውም ጉሮሮዋን ጫር አድርጎት ይሆናል። ሆዷ ውስጥ ደግሞ አየር ነፍተናል፣ እሱ ነው የወጠራት። ቀና ብላ ትቀመጥ። ከጨመረ ግን ንጋትን እንዳትጠብቁ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።»

እናቴን አብራን ያስታመመች ሙስሊም ጎረቤት አለችን። ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ምንም አልጠየቀችም። ከኋላዬ ተቀምጣ ጀርባዬን ከታች ወደ ላይ ታሸው ጀመር። በለሆሳስ ዱአ ታደርጋለች። መዳፏ ሻካራ ነው፣ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ድንገት አገሳሁ። ግሳት ብላችሁ ግሳት! የሰፈሩ ውሻ ጮኸ። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ሆዴ እንደ ጎማ ተነፈሰ። እሷ «አልሐምዱሊላህ»፣ እህቴ «ተመስገን» አሉ እኩል፣ ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። ከዚያ እንባዬ መጣ። ለእናቴ ያላለቀስኩት ሁሉ።

ደሟም አልተመለሰችም። ጎህ ሲቀድ ጎረቤቴ የአጃ አጥሚት ይዛ መጣች። ለብ ያለ፣ ቅመም ያልነካው። በሻይ ማንኪያ አጎረሰችኝ። የመጀመሪያዋ ስትወርድ መንገዷን በሙሉ ተከተልኳት። አላቃጠለችኝም።

ውጤቱ በ3 ሳምንቱ መጣ። ካንሰር አይደለም። ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ጨጓራን የሚያቆስለው ጭንቀትና በርበሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ እንደነገረኝ አንድ አውስትራሊያዊ ሐኪም ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሞበታል፣ በኋላም ከባልደረባው ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና የአሲድ መቀነሻ ለ14 ቀን ዋጥኩ። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበርና የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። «የታመመ ይበላል ልጄ» አሉኝ።

ስለቱን የተሳልኩት በዚያች ሌሊት አይደለም፤ ሰው እየተቆጣ አይሳልም። በማግስቱ አጥሚቱን ስጨርስ ነው። ጃንጥላው ከከፊራ ተገዝቶ በር ጀርባ ቆሟል። ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ይገባል። ልጆቼ ቤት ውስጥ ዘርግተው ሲጫወቱበት ሁለቴ ይዣቸዋለሁ። ጎረቤቴም የመንገድ ስንቁን እኔ ነኝ የምሠራው ብላለች። ትናንት ወጥ ቤቴ ገብታ የበርበሬውን ዕቃ ይዛው ሄደች።