ኳሱን የቀደድኩት እኔ ነኝ

ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ የግቢ ልጆችን ኳስ በሽንኩርት ቢላ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ፤ ግቢው በሙሉ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ከአዳር ተረኝነት ገብቼ ጫማዬን በወጉ ሳላወልቅ አልጋ ላይ ወድቄ ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጓ! አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጓ! አምስተኛው ላይ ተነሣሁ፤ ቢላውን መቼ እንዳነሣሁት እንኳ ትዝ አይለኝም። ስወርድ ኳሱ ተንከባልሎ እግሬ ሥር መጣ። ፊሽ ብሎ ሲተነፍስ ማንም አልጮኸም። እንደዚያ ጸጥ ያለ ግቢ ዓመት ሙሉ ስመኝ ኖሬ፣ ያገኘሁት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጊዜው ጅማ በኳስ ያበደችበት ነበር። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት የ2010ን ዋንጫ አንሥቷል፤ ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ በአንድ ጨዋታ ሦስት ኦኪኪ አፎላቢ (የክለቡ አጥቂ) ይሰለፋል፣ አንደኛው በረኛ ነው። በዚያ ላይ ትምህርቱ በፈረቃ ነው። የከሰዓቱ ፈረቃ ጠዋት ይጫወታል፣ የጠዋቱ ከሰዓት ይረከበዋል። ኳሱ ራሱ ተረኛ ነበረ ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን አዳር የለበትም።

የተቀየምኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሀጂ ከገጠር ያስመጡትን ቡና ግቢው ላይ በሸራ ያሰጣሉ፤ ኳሱ መሐሉ ሲያርፍ ቀይ ቡናው በገረጋንቲው ላይ ይበተናል፣ አፈር የነካ ቡና ደግሞ ዋጋ የለውም። የጅማን ዝናብ ተሻምታ ልብስ የምታሰጣዋ ጎረቤቴ በነጭ አንሶላ ላይ የጭቃ ክብ አግኝታ አልቅሳለች። አንድ ሰውዬ የመኪናው ስፖኪዮ ተሰብሮበት ሦስት አባቶችን በአንድ ቀን ተጣልቷል። «ማን መታው?» የሚለው ጥያቄ ሲጠየቅ አሥራ አንድ ልጅ አሥራ አንድ ስም ይጠራል።

ከኳሱ ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ይብሳል። ኮሚቴው ዘንድ ሄጄ ጨዋታው እንዲከለከል ጠየቅሁ። ሰብሳቢያችን ማኅተም የሚወድ ሰው ነው፤ በማግስቱ «በግቢው ውስጥ ኳስ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ደረጃው ሥር ተለጠፈ። እኔም ለአንድ ሳምንት ያህል ጥሩ ተኛሁ።

ልጆቹ ግን መጫወታቸውን አልተዉም፤ ከግቢ ወጥተው አስፋልት ዳር፣ ባጃጅ የሚበርበት ቦታ ላይ መጫወት ጀመሩ። አንድ ቀን ጥበቃው እንደዋዛ አወራኝ፦ አንዱ ልጅ ከባጃጅ ሲሸሽ ወድቆ ግንባሩ ተሰንጥቆ ነበር፤ ደሙን በሹራብ ይዘው በቤቴ በር ፊት አልፈው ፋርማሲ ወሰዱት። እኔ ቤት ነበርኩ። ጓንትም፣ ፋሻም፣ ቁስል ማጠቢያም ከበሩ ጀርባ መሳቢያ ውስጥ አለኝ። በሬን ያንኳኳ አልነበረም። «ሲስተር አለች አላላችሁም?» አልኩት። ጥበቃው መሬት መሬት አየና «አይ፣ ልጆቹ እንግዲህ…» ብሎ ተወው።

በዚያ ሳምንት ሕግ የሚማር የአክስቴ ልጅ መጥቶ ነበርና ጉዳዩን ነገርኩት፤ ልቤ አሁንም ሊፈርድልኝ የሚችል ሰው ይፈልግ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ላይ፣ ከመልካም ጉርብትና ባለፈ ድምፅ ጎረቤትን ማስቸገር እንደማይፈቀድ አሳየኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ 2124ን አነበበልኝ፤ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ተጠያቂ ነው ይላል። ይበልጥ ደስ አለኝ። ከዚያ ሕጉን አጠፈና «ግን ግቢው የማን ነው?» አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ የሁሉም ቤት ባለቤቶች ነው፤ የልጆቹ ወላጆችም እንደኔው ድርሻ አላቸው። «ከመልካም ጉርብትና ያለፈ የሚለውንስ ማን ይለካዋል? ዳኛው አንቺ አልጋ ላይ መጥቶ አይተኛ» ብሎ ሳቀብኝ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ቀልዱ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይገባችኋል።

ሀጂ ቤት ሄድኩ። «ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አልኳቸው።

«ከማን ጋር?»

«ከልጆቹ ጋር።»

መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ግን የምሬን መሆኑን ሲያዩ ተው አላሉኝም። ቅዳሜ ዕለት ሦስት ልጆች መጡ፤ እጃቸውን ታጥበው፣ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ እንደ ትልቅ ሰው ተደርድረው ተቀመጡ። አዲስ ኳስ ይዤ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሲታሰብ ቀላል ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ዓይን እያዩ «አጥፍቻለሁ» ማለት ግን ለዋና ሐኪም ከማለት ይከብዳል። አንደኛው ኳሱን ሳይነካ «ሌላ ቀን ብትናደጂስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የመለሱት ሀጂ ናቸው፤ «የተናደደ ሰው ኳሱን እኔ ጋ ያመጣል፤ አንድ ቀን ከአልጋዬ ሥር ይታሰራል፣ በማግስቱ ይፈታል። ኳስ ይታሰራል እንጂ አይገደልም።» ይህ ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል። እኔም ሁለቴ አሳስሬያለሁ።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ቀልድ ትዝ አለኝና እውነትም ዳኞቹን አልጋዬ ጋ አመጣኋቸው። እኔ መኝታ ቤት ተጋደምኩ፤ አንድ ልጅ መስኮቱ ላይ ቆመ፤ ሌሎቹ ታች ሆነው ኳሱን በየቦታው እየመቱ እኔ ስሰማ «ሰማሁ»፣ ሳልሰማ «አልሰማሁም» እላለሁ፤ መስኮት ላይ ያለው ያስተላልፋል። ዓመት ሙሉ የተጣላሁት ከጩኸታቸው ጋር ይመስለኝ ነበር። ቢጮኹ ቢጮኹ እንደ ሩቅ ገበያ ነው፣ ያስተኛል። የሚያስበረግገኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኮሚናሉ፣ ማለትም የጋራ መገልገያ ክፍላችን፣ የብረት በር። ጎላቸው እሱ ነበራ! 5 ቁጥር ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ በኃይል ተመቶ ባዶ ክፍል በተዘጋበት ብረት ላይ ሲያርፍ ቤቱ እንደ ከበሮ ነው የሚያስተጋባው። እኔ ግን ስከሰስና ስከስ ዓመት ሙሉ «ይረብሻሉ» ከማለት በቀር ምኑ እንደሚረብሸኝ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ራሴም አላውቀውም ነበር።

ሜዳው ዞረ። ጎሉ ከብረቱ በር ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ሀጂ አሮጌ የቡና ጆንያ ሰጡ፣ ልጆቹ በመርፌ ቁልፍ ሰፍተው ከኋላው ሰቀሉት። ኳስ ጆንያ ላይ ሲያርፍ ድፍ ብቻ ነው የሚለው። በዚያ ላይ ደግሞ መረብ ሲነካ እንደሚሆነው ስለሚወጠር፣ ጎል ገባ አልገባ የሚለው ጭቅጭቅ ቀረ።

ቡናው የበለጠ አደከመን። ልጆቹን መጠንቀቅ ማስተማር አልተቻለም፤ ኳስ የሚያባርር ልጅ መሬት መሬት አያይም። መፍትሔው የመጣው ከራሱ ከቡናው ሥራ ነው። ቡናን መሬት ላይ ከማስጣት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ እንደሚሻል የግብርና ባለሙያዎች ሁልጊዜ ይመክራሉ፤ ከአፈር ይርቃል፣ አየርም ከላይና ከታች ያገኛል። ሀጂም ያውቁታል፤ የሚሠራላቸው አጥተው ነው። አሥራ አንዱ ልጆች በሁለት ቅዳሜ ባሕር ዛፍ ተሸክመው፣ ሽቦ ወጥረው፣ ወገብ የሚደርስ አልጋ ከአጥሩ ሥር አቆሙላቸው። አሁን ኳሱ በሥሩ ያልፋል። ቢሆንም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው እስኪደርቅ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ በጨርቅ ኳስ ነው የሚጫወቱት፤ ፌስታል ውስጡ፣ ካልሲ ላዩ። እኛም ያደግነው በእሱ ነው።

ለመስታወትና ለስፖኪዮ ከወላጆች ጋር የተስማማነው፣ ያ ሰዓት ሜዳ ላይ የነበረ ሁሉ እኩል እንዲከፍል ነው። «ማን መታው?» የሚለው ምርመራ ያኔ ቆመ። ለዚህ ስምምነት የጠራነው የመጀመሪያ ስብሰባ ግን ከንቱ ነበር፤ ሰብሳቢው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብሎ ከፈተው፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የውሃ ክፍያና የደረጃ ጽዳት ጭቅጭቅ ሆነ። ሁለተኛው ጊዜ ስብሰባ አልጠራሁም። በየቤቱ እየዞርኩ ቡና ጠጣሁ፤ ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ ጀበና። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ያጣሁት በኳስ አልነበረም።

ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው ከአንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው። የአዳሬን ቀናት ደረጃው ሥር፣ ያ ባለ ማኅተም ወረቀት በነበረበት ቦታ ስለጥፍ አጠገቤ ቆማ «እኛስ መቼ ነው የምንጫወተው?» አለችኝ። ይኸን ሁሉ ሽማግሌና ስምምነት ስናካሂድ ሴቶቹን የጠየቀ የለም። ፔፕሲና ሱዚ የሚጫወቱት ወንዶቹ ሲደክሙ ብቻ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ ሜዳው የእነሱ እንዲሆን ተባለ። ወንዶቹ ተቃወሙ፤ ሀጂ ኳሱን ከአልጋ ሥር አላወጣም ሲሉ ተስማሙ። አሁን ፔፕሲ ላይ ሦስቱም ኦኪኪዎች አሉ፤ ቶሎ ተመተው ይወጣሉ።

ባለ መኪናው ግን እስከ ዛሬ አልተስማማም። ሰላም እለዋለሁ፣ ግንባሩን ይነቀንቅልኛል። መኪናውን ከሜዳው ራቅ አድርጎ ማቆም ጀምሯል፤ እኛን ብሎ ይሁን ስፖኪዮውን ብሎ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው ሳምንት አዳሬ ነበር። ጠዋት ገብቼ ተኛሁ፣ አራት ሰዓት ገደማ ከታች በተሰማ ጩኸት በርግጌ ተነሣሁ። ጓ የሚል አልነበረም። መስኮቱን ብከፍት ያ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሜዳው ላይ ያሉትን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮኽባቸዋል፦

«ዝም በሉ! ሲስተር ተኝታለች!»