ብሎኑ ወይስ ጥርሱ?

ወደ ሕክምና ክፍሉ ስጠራ የዋጋ ዝርዝሩ ተጽፎ አልቆ ነበር። ነባሩን ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበረውን ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ማውጣት፣ የአጥንት መሙያ፣ አዲስ ኢምፕላንት፣ አዲስ አያያዥ፣ አዲስ ክራውን (ከላይ የሚታየው ሰው ሠራሽ ጥርስ)። ዋናው ሐኪማችን በስክሪብቶአቸው ጫፍ የመጨረሻውን ድምር ያሳያሉ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እናት ግን ዐይናቸውን ከራጁ ላይ አልነቀሉም። እኔ የጥርስ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የተጠራሁት ለአዲሱ ክራውን የቀለም ልክ እንድወስድ ነበር። ዓመታት አልፈዋል፤ ያ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሲጻፍ የተነቃነቀው ነገር የትኛው እንደሆነ ያረጋገጠ አንድም ሰው አልነበረም።

እናትየዋ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት በሌላ ክሊኒክ፣ በታችኛው መንጋጋቸው ላይ አንድ ኢምፕላንት ተተክሎላቸው ነበር። እኛ ዘንድ ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መነቃነቅ ጀመረ። አያምም፣ አይደማም፣ ሲያኝኩበት ግን ይወዛወዛል።

«እማማ፣ ይህ አልቋል» አሉ ዋናው ሐኪም። «ስድስት ዓመት አገልግሏል። ዕድሜው እዚህ ድረስ ነው።»

«ያለቀው የቱ ነው ዶክተር? ብሎኑ ነው ወይስ ጥርሱ?»

«ሁሉም አንድ ነው።»

«አንድ ከሆነ ለምን አምስት ቦታ ተጻፈ?»

ዋናው ሐኪም መልስ አልሰጡም። እናትየዋም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ቀጠሉ። «የስፌት መኪናዬ መርፌውን የሚያስርበት ብሎን አለው። ሲላላ መርፌው ይወዛወዛል፣ ስፌቱ ይዘላል፣ ክሩ ይበጠሳል። ብሎኑን አጠብቃለሁ እንጂ መኪናውን አውጥቼ አልጥልም። እባክዎ መጀመሪያ የላላው የቱ እንደሆነ ይዩልኝ።»

ይህን ንግግር ቃል በቃል የማስታውሰው ስለ ደነገጥኩ ነው። ቀኑን ሙሉ እነዚህን ጥቃቅን ብሎኖች ሳገላብጥ የምውለው እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን ያነሱት ግን ሊታከሙ የመጡት ሴት ናቸው። ዋናው ሐኪም ወደ እኔ ዞረው «የቀለሙን ልክ ውሰድ» አሉኝ። የቀለም ናሙናዎቹ በእጄ ነበሩ። አልወሰድኩም፤ ግን አልተናገርኩምም። የተናገረችው አጠገባቸው የቆመችው ወጣት ሐኪም ናት። «ራጁን አንድ ጊዜ አብረን ብናየው ምን ይመስልዎታል?» አለች።

አየነው። አጥንት ውስጥ የተቀበረው የቲታኒየም ሥር ራሱ ሲላላ፣ ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን ጥቁር መስመር ይከበዋል፤ አጥንቱ ከብረቱ ሸሽቷል ማለት ነው። በእሳቸው ራጅ ላይ ግን አጥንቱ ሥሩን እስከ አንገቱ ድረስ አቅፎ ይዞታል። ቀጭን ጥቁር ክፍተት የሚታየው ከዚያ በላይ፣ ሥሩና አያያዡ በሚጋጠሙበት ቦታ ነበር። የላላው ሁለቱን የሚያስረው፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጠው ብሎን ነው። ከላይ ክራውኑ፣ ከመካከል አያያዡ፣ ከታች ሥሩ፤ ሦስቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ የየራሳቸው ዋጋና የየራሳቸው ዕድሜ አላቸው። «ሁሉም አንድ ነው» የሚለው መልስ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ስድስት ዓመቱ ዕድሜም ቢሆን ዝም ማለት አይገባኝም ነበር። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1952 እ.ኤ.አ. በጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገቡት የቲታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ አልወጣ አላቸው፤ የዛሬው ሙያችን የተወለደው ከዚያ ነው። በ1965 የመጀመሪያው ታካሚ የሆነው ዮስታ ላርሶን በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ በኢምፕላንቶቹ አኝኳል። ሁሉም ሰው ይህን ያህል ይዘልቅለታል ማለት አይደለም። ጤነኛ አጥንት የያዘውን ሥር በስድስት ዓመቱ «ዕድሜው አልቋል» ብሎ ለማውጣት ግን ከቀን መቁጠሪያ የተሻለ ምክንያት ያስፈልጋል።

ወጣቷ ሐኪም ሥራውን ተረከበች። ክራውኑ በሲሚንቶ የተጣበቀ ስለነበር ሳይሰበር የሚነሳ አልሆነም። በብሎን የሚያዝ ክራውን ቢሆን ኖሮ የላዩን መሙያ ማንሳትና መፍታት ብቻ ነበር፤ በሲሚንቶ ለተጣበቀው ግን ብሎኑ ያለበትን ቦታ ገምቶ ከላይ መብሳት ያስፈልጋል። የሥሩን ዘንበል ከራጁ ላይ ለክቼ ነጥቡን አሳየኋት። በጥንቃቄ በሳች፤ ብሎኑ ተገኘ።

ስህተት የሠራሁት እዚህ ነው። የብሎኑ ራስ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ነው፤ የአንዱ አምራች መፍቻ 1.22 ሚሊሜትር ሲሆን የሌላው 1.27 ነው። በዐይን አይለዩም። በሳጥናችን ውስጥ ካሉት መካከል የገባልኝን መፍቻ አነሣሁና «ይሄ ይሆናል» ብዬ ሰጠኋት። ገባ፤ ግን ዞሮ አዳለጠ። ደግማ ሳትሞክር እጇን ሰበሰበች። ሌላ አንድ ሁለት ጊዜ ቢያዳልጥ ኖሮ የብሎኑ ማዕዘን ይበላና፣ ያ የዋጋ ዝርዝር በእኔ እጅ እውነት ይሆን ነበር። በግምት የሚሰጥ መፍቻ ምን ያህል ገንዘብ ሊያስከፍል እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ።

ቀዳዳውን ለጊዜው ደፍነን የኢምፕላንቱን ዓይነት ለመጠየቅ ወደ ቀድሞው ክሊኒክ ደወልኩ። የአምራቹን ስም፣ የሥሩን ውፍረትና ርዝመት ብቻ ነበር የፈለግኩት። ስልኩን ያነሡት ሰው ትንሽ ቆይተው «ፋይሉ አልተገኘም፤ ከምትደክሙ በአዲስ ብትተኩት ይሻላል» አሉኝ። ምክሩን እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገሩት። ሦስት ወር ከዚያም በላይ መጠበቅን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ የአንዲት ጡረተኛ ቁጠባን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀለሉት። ስልኩን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ለእናትየዋ ስነግራቸው አልተናደዱም። «ወረቀት የሰጡኝ ደረሰኙን ብቻ ነው። ግን ያን ቀን ዕቃ የምታቀብል ልጅ ከማሸጊያው ላይ ትንሽ ነገር ልጣ ሰጥታኛለች፤ ‹ይህን አይጣሉ› ብላኝ» አሉ። በማግስቱ የመጡት የክር ማጠንጠኛዎች የሚያስቀምጡበትን የቆርቆሮ ሳጥን ክዳን ይዘው ነው። ክዳኑ ውስጥ፣ ከቁልፎችና ከመርፌ ቁጥሮች ማስታወሻ አጠገብ፣ የኢምፕላንቱ ተለጣፊ ምልክት ነበር፤ የአምራቹ ስም፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የምርት ቁጥሩ። ኢምፕላንት ሲታሸግ ይህ ምልክት አብሮት ይመጣል፤ አንዱ በታካሚው መዝገብ ላይ እንዲለጠፍ፣ ሌላው ለታካሚው እንዲሰጥ። ያቺን ረዳት አላውቃትም። በዚያ ክሊኒክ ሥራዋን በአግባቡ የሠራች ሰው እንደ ነበረች ግን በዐይኔ አይቻለሁ።

አምራቹ በአካባቢው ወኪል አልነበረውም። ብሎኑንና መፍቻውን አስመጥተን እስኪደርሱ ሳምንታት ወሰደ። እሳቸው በዚያ መካከል ሦስት አራት ጊዜ ወደ ላቦራቶሪው ብቅ አሉ፤ ሰም ሲቀረጽ ማየት ይወዱ ነበር። እግረ መንገዳቸውን ስለ ዋጋ ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ ነው የስድስት ዓመቱን ታሪክ ሙሉውን የሰማሁት። ከጠየቋቸው ክሊኒኮች ሁሉ ዝቅተኛውን ዋጋ የነገራቸውን መርጠው ነበር። የተነገራቸው ዋጋ ግን የሥሩ ብቻ ነበር። አጥንቱ ከያዘ በኋላ የአያያዡና የክራውኑ ተጨመረ፤ ተበድረው ከፈሉ። ሲደመር ከሁለተኛው ክሊኒክ ዋጋ በልጦ ተገኘ።

«ታዲያ ምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ ልጄ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በሥራዬ ከተጠየቅኩት ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ። ‹አንድ ጥርስ ስንት ነው?› ብለው ሳይሆን ‹ከዛሬ ጀምሮ እስከማኝክበት ቀን ድረስ በጠቅላላ ስንት ነው?› ብለው ይጠይቁ አልኳቸው። ራጁ አለበት? አጥንት መሙያ ቢያስፈልግ? አያያዡስ፣ ክራውኑስ፣ ብሎኑ ቢላላ ማጥበቂያውስ? በጽሑፍ ይስጡኝ ማለት ነውር አይደለም። ከዚያ ደግሞ የኢምፕላንቱ ዓይነት መለዋወጫው በአቅራቢያ የሚገኝ መሆኑን፣ ሌላ ሐኪም ቢያየውም መፍቻ ያለው መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። አምራቹ የማይታወቅ ርካሽ ኢምፕላንት ከተተከለ በኋላ አንድ ብሎን ሲጠፋለት ርካሽነቱ ያበቃል። በሌላ በኩል ስመ ጥር ስለ ሆነ ብቻ ውዱን ያስገቡ አልልም፤ በተማሪዎች ማሠልጠኛ የጥርስ ሕክምና ተቋማት፣ በመምህራን ክትትል፣ በአነስተኛ ክፍያ የተሠሩ ብዙ ጥሩ ሥራዎች በእጄ አልፈዋል። ጊዜ ይወስዳሉ፤ ቀጠሮ ይበዛል፤ ግን ሁሉም ነገር ይመዘገባል።

እኅታቸው የታች ጥርሶቻቸውን በሙሉ አጥተው ስድስት ኢምፕላንት እንደሚያስፈልጋቸው ተነግሯቸው እንደነበርም አጫወቱኝ። እዚህ ላይ ዝም አላልኩም። በ2002 እ.ኤ.አ. በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ጥርስ ለሌለው የታች መንጋጋ በሁለት ኢምፕላንት የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባል ብለው ተስማምተዋል። በየምሽቱ እየተነሣ የሚጸዳ ነው፤ ቋሚ ጥርስ አይደለም፤ የሚይዙት ላስቲኮችም በየጊዜው ይለወጣሉ። ግን ሁለት ነው፤ ስድስት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ምርጫ መኖሩን ሳይነግሩ ስድስት የሚጽፉ ሰዎች ያበሳጩኛል። ሦስት ጎን ለጎን ያሉ ጥርሶች ለጎደሉትም ብዙ ጊዜ ሁለት ኢምፕላንትና በመካከላቸው ብሪጅ (ሁለቱን እንደ ድልድይ የሚያገናኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ይበቃል። ቢያንስ ይነገራቸው።

ብሎኑ ደረሰ። ወጣቷ ሐኪም በትክክለኛው መፍቻ አሮጌውን ፈታችው፤ እንደ ቅቤ ወጣ። ውስጡን አጥባ አዲሱን አስገባችና አምራቹ ባዘዘው ልክ፣ በ30 ኒውተን ሴንቲሜትር፣ በልክ ማጥበቂያው አጠበቀች። አሥር ደቂቃ ጠብቃ ደገመችው፤ ብሎን መጀመሪያ ሲጠብቅ ትንሽ ይረግባልና። ከዚያ የንክሻ ወረቀት አስነከሰቻቸው። ክራውኑ ላይ ያረፈው ቀለም ከጎረቤት ጥርሶች ሁሉ የደመቀ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የንክሻው ሸክም በዚያች ጥርስ ላይ ነበር የሚወርደው። የተፈጥሮ ጥርስ ሥሩ ዙሪያ ባለው ጅማት ትንሽ ይለምጣል፤ ኢምፕላንት ጅማት የለውም፣ ስለዚህ ሸክሙን ብሎኑ ይቀበለዋል። ትንሽ ሞረደችው። ብሎኑ ላይ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ነጭ የቴፍሎን ጥቅል ጠቅጥቃ ቀዳዳውን በጥርስ ቀለም መሙያ ዘጋችው፤ ሌላ ጊዜ ቢላላ መድረሻው ቀላል እንዲሆን። ጠቅላላ ወጪው ከመጀመሪያው ወረቀት ድምር አንድ አሥረኛ አልሞላም።

ዋናው ሐኪም ያን ቀን በበሩ በኩል አልፈው ወንበሩን አዩና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ይቅርታም፣ ማብራሪያም አልነበረም። ሁልጊዜ ይሳሳታሉ ማለት ግን ሐሰት ይሆንብኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የሚያጨሱ፣ ስኳራቸው ያልተስተካከለ ሰው በተመሳሳይ ሁኔታ የሚወዛወዝ ጥርስ ይዘው መጡ። እኔ በሙሉ ልቤ «ብሎኑ ነው» አልኩ። ዋናው ሐኪም ራጁን አንሥተው ሥሩን የከበበውን ጥቁር መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። ሥሩ ራሱ ነበር፤ መውጣት ነበረበት። ልክ ነበሩ። ግን ያን ቀን ራጁን ያዩት ዋጋ ከመጻፋቸው በፊት ነበር፤ እኔም ይህን ልብ ብያለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ሲነሡ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አሮጌው ብሎን እንዲሰጣቸው፤ በወረቀት ጠቅልለን ሰጠናቸው። ሁለተኛው የአዲሱ ብሎን ተለጣፊ ምልክት ነበር። ከመዝገባቸው ላይ ከለጠፍነው በኋላ የተረፈውን ይዤላቸው መጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው፣ የቆርቆሮውን ክዳን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከፊተኛው አጠገብ ቀጥ አድርገው ለጠፉት። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሁለት ጊዜ ተጫኑትና «ቀኑን ጻፍልኝ» ብለው ስክሪብቶ አቀበሉኝ።