ሽልማቱ ማን ግንባር ላይ ተለጠፈ?

የሴቶች የሙዚቃ ቡድን ላቋቁም ነው ስል ሙዚቀኛ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «አራት ሴት ድምፃዊ አንድ መድረክ ላይ? ሁለት ሠርግ ሳይሠሩ ይጣላሉ» አለኝ አንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች። መጣላቱስ አልቀረም። ግን እሱ እንደገመተው ቶሎ አልነበረም፤ ያጣላቸውም እሱ የጠረጠረው ዓይነት ቅናት አልነበረም።

እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም ናይት ክለብ እየሠራሁ ነው የኖርኩት። የእኛ አገር መድረክ አሠራሩ የታወቀ ነው። አንድ ድምፃዊ ከፊት፣ ባንዱ ከኋላ፣ ኮረስ የሚሉት ሴቶች ደግሞ ጥግ ላይ። «የኛ» የተባለው የአምስት ሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 በሬዲዮ ድራማና በዘፈን ብቅ ሲል ነው ይቻላል እንዴ ያልኩት። እነሱ ግን ከኋላቸው ገርል ኢፌክት የተባለ ድርጅት ነበረ፤ ገንዘቡም ከእንግሊዝ መንግሥት የእርዳታ በጀት ይመጣ ነበር። የለንደን ጋዜጦች በታዋቂው የእንግሊዝ የሴቶች ቡድን ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያሉ ጮኹበትና በ2017 መጀመሪያ ድጋፉ ተቋረጠ። እኔ ጋ እንኳን የእንግሊዝ መንግሥት፣ ቀበሌም አልረዳኝም።

ሁለቱን ልጆች ኮረስ ሲሠሩ አውቃቸዋለሁ። ሦስተኛዋ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ አራተኛዋን ጓደኛ አመጣልኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ዛሬ ሁሉም የየራሳቸው ኑሮ አላቸው።

ትልቁ ሥራ ድምፃቸውን ማስማማት ነበር። በእኛ ዘፈን ሁሉም አንድ ዜማ ነው የሚያዜመው። እኔ ደግሞ እንደ ውጭዎቹ ድምፅ ላይ ድምፅ እንዲደርቡ ፈለግሁ። ችግሩ ቅኝቱ ነው። ሜጀር ትዝታን ውሰዱ፤ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉም። አንዷ ዶ ስትል ሌላዋ ሚ ብትል ያምራል። ሬ ስትልስ? በዚያው ርቀት ከበላይዋ የሚመጣው ፋ ነው፤ ቅኝቱ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ወደ ሶል ትዘላለች። በሚ ላይ ላ፣ በሶል ላይ ከላይ ያለው ዶ፣ በላ ላይ ሬ። ከዶ በስተቀር ሁሉም ርቀት ሰፊ ነው። ፋን ጨምሬ ብሞክረው ትዝታው ጠፍቶ የፈረንጅ መዝሙር ሆነ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ዝላዩን «ሻካራ ነው» ብለው ጠሉት። ወፍራም ድምፅ ያላት ልጅ ግን ያዘችው፤ ሌሎቹ እሷን ተከትለው ገቡ። እስከ ዛሬ አምሮ የሰማሁት ነገር እሱ ነው። የወደዳቸው ሁሉ ስለ ቀሚሳቸው ነው የሚያወራው፤ ይሁን።

ሠርግ ላይ ፈነዱ። ሞንታርቦው ሲከፈት አራቱም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሰው ይገባሉ፤ ሰዉ ስልኩን ያወጣል፤ ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። በሳምንቱ ስልኬ ይጮኻል። ቀስ በቀስ የቅዳሜና እሑድ ቀናችን አስቀድሞ የሚያዝ ሆነ። ገንዘቡ ግን እንደ ስማችን አላደገም። ፀጉር፣ ቀሚስ፣ ሌሊት የሚመልሳቸው ታክሲ ሁሉ ከዚያው ነው የሚወጣው። የአሜሪካው የሴቶች ቡድን ቲኤልሲ አልበሙ በሚሊዮኖች እየተሸጠ እ.ኤ.አ. በ1995 ለኪሳራ እንዳመለከተ ሳነብ አልገረመኝም።

ጠቡ የተጀመረው በሽልማት ነው። በሠርግ ቤት እንግዳ ሲደሰት ብር አውጥቶ ዘፋኟ ግንባር ላይ ይለጥፋል። መሃል የቆመችው ላይ ነው የሚለጠፈው። መሃል የምትቆመው ደግሞ ዋናዋ ናት፤ መልኳም ድምፇም ይጠራል። ሽልማቱ ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ የባንዱ ድርሻ ከተነሳ በኋላ ለአራት እኩል ይካፈል ብለን ተስማማን። ሠራም። አንድ ቀን የሙሽራዋ አጎት ከአሜሪካ መጥቶ ዶላር እያጠፈ ለጠፈላት። ሌሊት ሒሳብ ስናደርግ ዶላሩ ቦርሳው ውስጥ የለም።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ለኔ ነው የተሰጠው» አለች። «ግንባሬ ላይ ነው የለጠፈው።»

«ሶሉን ማን ይዞልሽ ነው ያማረብሽ?» አለቻት ወፍራም ድምፅ ያላት።

ዶላሩን መለሰች፤ ለአራት ተካፈለ። በየትኛው ምንዛሪ እንደሚሰላ ግን ሌላ ጭቅጭቅ ሆነ። ባንክ የሚለውን ነው ወይስ ሰፈር የሚለውን? በነገራችን ላይ እኔ አሁንም ልጅቷ ስስታም ነበረች አልልም። ግንባሯ ላይ የተለጠፈ ገንዘብ ያንቺ አይደለም ማለት ከባድ ነው። ደንቡ ትክክል ነበር፤ ስሜቱ ግን ከደንቡ ጋር አይሄድም።

ቀጥሎ ነጠላ ዜማ መጣ። ግጥሙንና ዜማውን የገዛው፣ ስቱዲዮውንም የከፈለው የዋናዋ ወንድም ነው። ውሉ በእሱ ስም ተፈረመ፤ የዩቲዩብ ቻናሉንም የከፈተው እሱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝም፣ ማለትም ለሚዘፍነውና ለሚጫወተው፣ መብት ይሰጣል። ሠርግ ቤት ውስጥ ግን አዋጅ የሚያነብ የለም፤ የይለፍ ቃሉን የያዘ ነው ጌታ። ስፓይስ ገርልስ እዚህ ላይ ብልህ ነበሩ። ማንም ምን ያህል ቢጽፍ የዘፈን ድርሻውን አምስቱም እኩል ይካፈሉ ነበር። በእኛ አገር ድምፃዊ ዘፈኑን ከደራሲ ስለሚገዛ የሚካፈሉት የደራሲነት ድርሻ የለም። የሚቀረው የገዛው ሰው ስም ነው።

ቤተሰብ ማኔጀር ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሱን ይከብዳል። ቢዮንሴ የነበረችበት የአሜሪካው ዴስቲኒስ ቻይልድ ቡድን ማኔጀር አባቷ ነበሩ። ሁለቱ አባላት ሌላ ማኔጀር እንፈልጋለን ባሉ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ፣ አዲስ ክሊፕ ወጣ፤ በእነሱ ቦታ ሌሎች ሴቶች ቆመዋል። የእኛዎቹ እዚያ አልደረሱም። ወንድሟ ጨዋ ልጅ ነው። ግን ሁሌም ለእህቱ ነው የሚያስበው፤ ወንድም ነዋ።

የጨረሰን ፖስተር ነው። አንድ አዘጋጅ ለበዓል ዝግጅት አስመዝግቦን ማስታወቂያውን አሳተመ። የሰፈሬ ልጅ ግድግዳ ላይ አየችው፤ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የዋናዋ ስም በትልቁ፣ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «እና ጓደኞቿ»። የቡድኑ ስም የትም የለም። የአሜሪካዎቹ የሴቶች ቡድን ሱፕሪምስም እ.ኤ.አ. በ1967 ስማቸው «ዳያና ሮስ ኤንድ ዘ ሱፕሪምስ» ተብሎ ተቀይሯል፤ ዳያና በ1970 መጀመሪያ ወጣች። ታሪኩን ለልጆቹ ብነግራቸው ማን ይስማኝ? «ጓደኞቿ ማለት እኛ ነን?» አለች የሰፈሬ ልጅ። ሥራውን ሠርተው ወረዱ፤ በመኪና ስንመለስ ማንም ማንንም አላናገረም።

ከዚያ የዋሽንግተን ሥራ መጣ። ፕሮሞተሩ አንዷን ብቻ ነው የምወስደው፣ የአራት ሰው ቪዛና ትኬት አይሆንልኝም አለ። ሄደች፤ እዚያው ቀረች። አልፈርድባትም። ሦስቱ ለመቀጠል ሞከሩ። ከስፓይስ ገርልስ ጄሪ ሃሊዌል እ.ኤ.አ. በ1998 ስትወጣ የቀሩት አራቱ የዓለም ጉዟቸውን ቀጥለው ነበር፤ ሠርግ ግን ስታዲየም አይደለም። ደጋሹ «ያቺ ቀይዋስ?» ይላል፤ የለችም ስትለው ዋጋ ይቀንሳል። አንዷ አገባች፣ ሌላዋ ሱቅ ከፈተች። ወፍራም ድምፅ ያላት አሁንም ከእኔ ጋር ትሠራለች።

ስንለያይ እኔ ቤት ቁጭ ብለን ተነጋግረናል፤ ዋናዋ በስልክ ገባች። ቀሚሱ ለየለባሹ ቀረ። የቡድኑን ስም አራቱም ካልተስማሙ ማንም አይጠቀምበትም ተባለ። ቻናሉ ወንድሟ ጋ ቀረ። ዘፈኑን ግን ሁሉም መድረክ ላይ መጫወት ይችላል። ይህንን ያነሳችው ራሷ ዋናዋ ናት፤ ከእሷ አልጠበቅሁትም ነበር።

አሁን ሁለት አዳዲስ ልጆች ጨምሬ እያለማመድኩ ነው። ዜማ ሳንጀምር ወረቀት ጻፍን። ስሙ የማን እንደሆነ፣ ለዘፈን የሚከፍል ሰው ገንዘቡን ካስመለሰ በኋላ ምን እንደሚያገኝ፣ የቻናሉን የይለፍ ቃል ማን ማን እንደሚያውቅ፣ ፖስተር ከመታተሙ በፊት ማን አይቶ እንደሚፈቅድ፣ አንዷ ብትወጣ የትኛውን ዘፈን ይዛ እንደምትወጣ። ሽልማት አንድ ቦርሳ፣ ለሁሉም እኩል። መሃል ላይ መቆምም በየሠርጉ በተራ ነው።

ትንሿ ልጅ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ጋሼ፣ ዶላር ከሆነስ በየትኛው ምንዛሪ ነው?» አለች። ወፍራም ድምፅ ያላት በሳቅ ፈረሰች። በዕለቱ የባንክ ዋጋ ብለን ጨመርንና ፈረሙ።