አየርላንድን በቆጠራ ቅጽ ማጥናት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የአየርላንድ ታሪክና ባህል ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ጊዜዬን የወሰደው የ1916ቱ የፋሲካ አመፅም የደሴቲቱ መከፈልም አይደለም፤ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አገሪቱ ብዙ የቆየ የቆጠራ መዝገብ የላትም። በ1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ደብሊን ፎር ኮርትስ በተባለው የፍርድ ቤቶች ሕንፃ ግቢ ውስጥ የነበረው መዝገብ ቤት ጋየ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት ቆጠራዎችም ከቁርጥራጭ በቀር አብረው ነደዱ። የቀጣዮቹን አራት ቆጠራዎች ቅጾች ያስወገደው ደግሞ መንግሥት ራሱ ነው። ስለዚህ ሙሉ ሆነው ከተረፉት ቀዳሚው የ1901ዱ ነው፤ ከ1911ዱ ጋር በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ በነፃ ይነበባል።

የአንድ መንደር ሁለቱን ቆጠራዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። በ1901 ገና ሃምሳዎቹን ያላጋመሱ ሰዎች በ1911 ሰባን ደፍነው ይጠብቋችኋል! ምክንያቱ ጡረታ ነው። በ1908 በወጣው ሕግ መሠረት ከጥር 1909 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላው ችግረኛ በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ይከፈለው ነበር። የሁሉም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረው ግን በ1864 ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹ የልደት ወረቀት የላቸውም። ታዲያ ዕድሜያቸው የሚጣራበት አንዱ መንገድ «የታላቁን ነፋስ ሌሊት ታስታውሳለህ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ጥር 6 ቀን 1839 አገሩን ያናወጠውን ማዕበል ማለት ነው። ዕድሜያቸውን «ጣልያን ሲገባ» ብለው የሚቆጥሩ አያት ያሉት ሰው ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

የ1911ዱ ቅጽ ሌላም ዓምድ አለው፦ ያገባች ሴት ስንት ልጅ ወለደች፣ ስንቱስ በሕይወት አለ? ሁለቱ ቁጥሮች የማይገጥሙበት ቤት ሲበዛ ገጹን ቶሎ ማለፍ ይከብዳል።

ስለ ታላቁ ረሃብ (1845–1852) ብዙ ስለተጻፈ አላረዝምም። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወረደ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሞተ፣ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። የድሃው ዋና ምግብ የነበረውን ድንች የገደለው በሽታ ነው፤ ሰውን የገደለው ግን በሽታው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በ1847 የወጣው ሕግ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ጭሰኛ መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ እንዳያገኝ ከለከለ። በ1937–39 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአያቶቻቸው እየጠየቁ በደብተር የጻፉት ትልቅ የአፈ ታሪክ ስብስብ ስለዚያ ዘመን ብዙ ይናገራል። እኔ ስብስቡን የምጠቀምበት የሟች ቁጥር ልፈልግበት ሳይሆን፣ ሰው ከዘጠና ዓመት በኋላ ምን ይዞ እንደቀረ ለማየት ነው።

አሁን የቆጣሪዎቹን የእጅ ጽሑፍ ሳልቸገር አነባለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አይሪሽ ቋንቋ እጀምራለሁ፤ በ1911 ቅጹን በአይሪሽ የሞሉ አባወራዎች ስላሉ እስካሁን እነሱን እየዘለልኩ ነው።